ሲያሻው ዕውር

ባለፈው ሳምንት ቡሬ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ጎልማሳ እጁን ዘረጋልኝ፤ እኔም አላየሁትም። ልጄ ቤት የሚያደርሰኝ ባጃጅ እየጠበቅሁ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ቆሜ አነብ ነበር። ሥራ ፈት ሽማግሌ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ሰውየው በግራዬ በኩል መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ፣ ለሽማግሌ እንደሚገባው አድርጎ ቆሟል። እኔ ማስታወቂያዬን ጨርሼ፣ እሱን እጁን እንደዘረጋ አልፌው ሄድኩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከኋላዬ ለጓደኛው ሲያወራ ሰምቼ ነው። «ምን ያለ ኩራተኛ ነው፤ ጽሑፍ እያነበበ እኔን አላየሁም ሊል ነው?» አለ። ጆሮዬ ደህና ነው። ዞር ብዬ ልነግረው እችል ነበር፤ አልነገርኩትም። ለሰው የማስረዳበትን ዕድሜዬን ፍኖተ ሰላም ላይ ጨርሼዋለሁ። ባጃጁ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ያ የድሮ ንዴት ተነሳብኝ፤ ልጄ ቤት ደርሼ ምሳ ሲቀርብልኝም አልበርድ አለ። ልጄ «አባዬ፣ ማን አስቀየመህ?» አለችኝ። «አያ ደምለው» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ፣ ፍኖተ ሰላም ስኖር፣ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነኝ። ወታደር በዋናው መንገድ አልፎ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ሰው «ዞን» እና «ክልል» የሚሉትን ቃላት ገና አፉን እያስለመደ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እንጃ። የካኪ ዋጋ ብትጠይቁኝ ግን እነግራችኋለሁ፤ ሜትሩ አሥር ብር፣ እህል ተሸጦ ገበሬው እጅ ገንዘብ ሲገባ ደግሞ አሥራ አንድ። ቁምጣ ሰፍቼ አራት ብር እቀበላለሁ፤ ኪሱን በቀይና በቢጫ ክር ካስጌጥኩት አምስት። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ አምባሻ ከተጨመረበት በሽልንግ። የልብስ ስፌት መኪናዬ የምትቀመጠው ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የገጠር ጎረምሶች ከገበያው በፊት እኔ ጋ ይመጣሉ። ቁምጣው ከጉልበት ስንዝር ከፍ ማለት አለበት፤ ከኋላ ሽንሽኑ መብዛት አለበት፤ ከሥር ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ ጋቢ፣ በትከሻ ዱላ። የከተማው አስተማሪዎች የቴትሮን ሱሪ ያሰፋሉ፤ ሴቶቹ ሽፎን ቀሚሳቸውን ያስጠብባሉ። ሰልባጅ ገና መግባቱ ነበር፤ የማላውቀው አገር ሰው የለበሰውን ኮት ለፍኖተ ሰላም ትከሻ እያጠበብኩ ስንት ቀን ዋልኩ። ከጎኔ ካሴት ቤት አለ፤ አንድን ዘፈን ከወደደ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ነው የሚያጫውተው፤ የማሲንቆው ምት ከእግሬ ጋር ሲገጥም ስፌቱ ራሱ ይፈጥንልኝ ነበር። ዛሬ እዚያ በረንዳ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ጋሪውም ቀንሷል፤ ባጃጁ ግን ከጋሪው የባሰ ነው፤ ጋሪ ቢያንስ ፈረሱ ያያል።

ዓይኔ እንዲህ ነው። ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ ከብዙ ሰው አስበልጬ አያለሁ። ከዚያች ከፊቴ ካለችው ክብ ውጭ ግን ግራም የለ፣ ቀኝም የለ፣ ላይም ታችም የለ። ጨለማ ነው ወይ ይሉኛል። ጨለማ አይደለም። እናንተ ከጀርባችሁ ያለው ግድግዳ ጥቁር ሆኖ ነው የማይታያችሁ? አይደለም፤ በቃ የለም። የእኔም እንደዚያ ነው፤ ጀርባዬ እስከ ጉንጬ ድረስ መጥቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ያችም ክብ ትደክማለች። ልጅ ሆኜ ዳፍንት ነው ተብሎ የፍየል ጉበት ተጠብሶ በእንፋሎቱ ዓይኔን ታጠንኩ፤ ከዚያም ጉበቱን አበሉኝ። ጉበቱ ጣፋጭ ነበር፤ ዓይኔ ግን እንደነበረ ቀረ። ካደግሁ በኋላ ለትራኮማ ዘመቻ የመጡ አንድ የዓይን ሐኪም በባትሪ አዩኝና ሕመሙ ከዓይኔ በስተጀርባ መሆኑን፣ መድኃኒት እንደሌለው፣ እየጠበበ እንደሚሄድ ነገሩኝ። «ከዘራ ያዝ፤ ሲመሽ ብቻህን አትሂድ» አሉኝ፤ ወረቀትም ጻፉልኝ። ያን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ያዝኩት።

ችግሩ ሙያዬ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መርፌ በአንድ ጊዜ አሾልካለሁ። ይህን የሚያየው ሰው ሁሉ፣ ያው ሰው ከበረንዳው ወርዶ ከቆመ ጋሪ ጋር ሲላተም ቢያይ ምን ይበል? ሰክሯል አለ። ከዘራ ስይዝ ሽማግሌ ለመባል ነው አለ። በጎን የዘረጋውን እጅ ሳልጨብጥ ሳልፍ ንቆኛል አለ፤ በእኛ አገር ደግሞ እጅ ዘርግቶ ባዶውን የመለሰ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ያወራዋል። አንዳንዱ ጣቶቹን ከአፍንጫዬ ፊት ደቅኖ «ስንት ነው?» ይለኛል። «ሦስት» እላለሁ፤ ሦስት ነዋ። ይስቃሉ። የሁሉንም ፊት አስታውሳለሁ፤ ሰውን የማየው ፊት ፊቱን ብቻ ስለሆነ ፊት አልረሳም። አንድ ጋሪ ነጂ ከመንገድ አልወጣ ብሎኛል ብሎ ጀርባዬን በጅራፍ ጫፍ ነካኝ። በሁለተኛው ዓመት ጋሪው ድልድይ ሥር ተገልብጦ ፈረሱ ሞተ፤ ለፈረሱ አዘንኩ።

ከሁሉም ግን አያ ደምለው። በዚያ ዘመን በየቀኑ «እርስዎ» እያልኩ፣ ብድግ እያልኩ ነበር የማናግረው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታዬን አላባክንለትም። የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ መጋዘኑ ከእኔ በረንዳ ሦስተኛው ቤት ነው። በርበሬ በሚገባበት ወር መንደሩ በሙሉ ሲያስነጥስ ይውላል። ረጅም፣ ካፖርቱን በትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ፣ ነጭ ጢሙን ወተት እንደጠጣ ድመት በምላሱ የሚያስተካክል ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም ይሉኛል። ለቀብር ይፈጥናል፤ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ የሚያታልለኝ ሰው አልተወለደም ብሎ ያምን ነበር። ገበሬ በርበሬ ሲያመጣለት ከላይ ያለውን ደረቅ ዛላ አያይም፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ ማዳበሪያው ውስጥ አስገብቶ ከታች ይዳብሳል። ክብደት እንዲያነሳ ውኃ የነካው በርበሬ ከሥር የደበቀ አንዳንድ ገበሬ አይጠፋም፤ ያን መዝዞ በአደባባይ ሲያሳይ ፊቱ ይበራል። ከዚያ ወዲያ ሰውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያየው። ማንም ሰው ከሥሩ የደበቀው እርጥብ ነገር አለ። እኔንም እንደዚያ ሊዳብሰኝ ነበር የሚጠብቀው።

በወር በወሩ የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር ነበረን፤ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ እሱ ነው። እንደምታውቁት ዝክሩ ተበልቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተረክቦ፣ ማኅበርተኛው በዝማሬ እየሸኘው ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው ዓይኔ ሥራ በሚያቆምበት ሰዓት ነው፤ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ። ተራዬ ሲደርስ መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ።

«አያ ደምለው፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«በል ተቀመጥ። ምንድን ነው?»

«ለሚመጣው ወር ጽዋው የሚደርሰው ለእኔ ነው። ዝክሩን ደስ ብሎኝ ነው የምደግሰው። ወደ ቤት ይዞ መሄዱን ግን ሚስቴ የኔነሽ ትያዝልኝ። ሲመሽ ዓይኔ አያይም።»

ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠሁት። አገላበጠው፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና መለሰልኝ። «ማኅተም እንኳ ዘንድሮ የትም አይጠፋ» አለ። ከዚያ በበሩ በኩል ወደ በረንዳዬ አሳየኝ። «አለነ፣ ቀን ሙሉ መርፌ ስታሾልክ ከዚህ ሆኜ አይህ የለም? ባል ጤነኛ ቆሞ ጽዋ በሚስት እጅ አይሄድም። ድግሱ ከበደኝ በለኝ እንጅ በዓይንህ አታሳብ።»

«ድግሱ አልከበደኝም፣ አያ።»

«እንግዲያስ ተሸከመው» አለና ክንዱን ማዳበሪያው ውስጥ ከተተ።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፤ በእኛ ማኅበር ሰው ሆዱ ሲሞላ ነው ቀልድ የሚጀመረው። አያ ደምለው ተነሳና «ወንድማችን አለነ ዓይኔ አያይም ይለናል። እስቲ ማኅበሩ ይፍረድ» አለ። ከዚያ ከባርኔጣው ጠርዝ ላይ መርፌና ጥቁር ክር አወጣ። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ አስቦበት የሰካት መርፌ ናት፤ እስከ ዛሬ የማልረሳው ይህንን ነው። «እንካ፤ ይችን አሹልክልን» አለኝ። እንግዲህ የእኔን ስሕተት ስሙ። ሦስት ጊዜ ብስት ኖሮ፣ ክሩን አንድ ጊዜ በአየር ላይ ባንከራትተው ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው «እውነቱን ነው፤ ምስኪን» ይለኝ ነበር። ውሸት ብዋሽ እውነቴን ያምኑኝ ነበር። ግን ጽዋው መሀል ተቀምጧል፤ የመልአኩ ስም ተጠርቷል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሙያዬ ነው። እጄ ራሱ አልዋሽም አለኝ። ክሩን በምላሴ አርጥቤ በአንድ ጊዜ አሾለክሁት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የነፍስ አባታችን መምሬ አንማው እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ። የኔነሽ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ነበር።

ከዚያ ጽዋውን አሸከሙኝ። ውጭው ደብዘዝ ብሏል። የኔነሽ ከኋላዬ እጅጌዬን ያዘች፤ አያ ደምለው «ልቀቂው እንጅ፤ ሰው ያየናል» አላት፤ ለቀቀችኝ። ዝማሬው ተጀመረ፤ ጭብጨባው በሁለቱም በኩል ነው፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንኳ ለይቼ እርምጃዬን ማስተካከል አልቻልኩም። ከአጥሩ በር ስወጣ ውኃ መውረጃ ቦይ ነበረ። ቦዩን እኔ አላየሁትም፤ ጽዋው ግን አገኘው። ስወድቅ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ያምኑኛል አልኩ። በግንባሬ ደም እየወረደ፣ የሸክላውን ስብርባሪ በእጄ ይዤ፣ አሁንስ ያምኑኛል አልኩ። ዝማሬው ቆመ። ከዚያ የአያ ደምለውን ድምፅ ሰማሁ። «አልሸከምም ስላለ ሰበረው። ሲያሻው ያያል፣ ሲያሻው ዕውር ነው።»

ይኸው ስሜ ሆነ። ሲያሻው ዕውር። በኋላ አሳጠሩትና «ሲያሻው» ብቻ ቀረ። ከማኅበሩ ታገድኩ። ጽዋ የሰበረ እጅ የልጄን የጥምቀት ልብስ አይሰፋም ያሉ እናቶች ጨርቃቸውን ተቀብለውኝ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። በመንገድ ሳልፍ «ሲያሻው፣ ዛሬስ አሰኝቶሃል?» የሚለኝ አላጣም፤ ተሳዳቢውን በፊት ለፊቴ ሳፈላልግ ደግሞ ይባስ ይሳቃል። ቡሬ ያሉ የሚስቴ ዘመዶች ሳይቀሩ ሰምተው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈልገው ሰው እንዲያምነኝ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማመን አልበቃኝም። አያ ደምለው ሰው ፊት ሲወድቅ ማየት ፈለግሁ። በፔዳሉ ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ካሴት ቤቱ የፍቅር ዘፈን እያጫወተ፣ እኔ ውድቀቱን እሰፋ ነበር፤ አንዴ ከመጋዘኑ ደረጃ፣ አንዴ ከበቅሎው፣ አንዴ ከነካፖርቱ ከጭቃው ውስጥ። ዘፈኑ ደስ ይላል፤ ሐሳቡም ደስ ይላል።

ሚስቴም ሙሉ በሙሉ አታምነኝም ነበር፤ ይህን ስናገር አታፍርም፣ ራሷ ነው የነገረችኝ። ትወደኛለች፤ ግን አንዳንዴ «እንዲያው ትንሽ ልብ ብትል እኮ» ትላለች። አንድ ቀን ጠዋት ባዶ የክር ቱቦዎች እየሰበሰብኩ ነበር። ትልቁ ክር የሚጠቀለልበት፣ በወፍራም ወረቀት የተሠራ፣ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ ነው። አንዱን አንስቼ በሰፊው በኩል አየሁበት፤ በእኔ ዓይን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱን ቱቦዎች በሙታንታ ላስቲክ አያይዤ በየኔነሽ ዓይን ላይ አሰርኩባትና «ሂጂ፣ ከጓዳ ጨው አምጪልኝ» አልኳት። እየሳቀች ተነሳች። ከበርጩማው ጋር ተላተመች፤ ከዚያ ከጓዳው መቃን ጋር። ጨውን ሳታመጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቱቦዎቹን ሳታወልቅ አንገቷን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ቤቷን ፈለገችው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» አልኳት። አለቀሰች፤ ከዚያም «ለሰው ሁሉ አሳይ» አለችኝ። «መጀመሪያ ለአንድ ሰው» አልኳት።

ሦስት ዓመት ቱቦዎቹን በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በሦስተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ መምሬ አንማው በቃ አሉ፤ የተጣሉ ሰዎች እያሉበት ጽዋ አልባርክም ብለው ለማኅበሩ ነገሩ። አያ ደምለው በዚያ ዓመት ልጁን ሊድር አስቧል፤ ማኅበሩ ተቋርጦ፣ ካህኑ አኩርፈው ሰርግ አያምርም። ስለዚህ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በአራተኛው መምሬ ራሳቸው መጡና በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ይሁንልህ፣ ልጄ? እሱ እንደሆነ ደንጊያ ተሸክሜ ይቅር በለኝ እላለሁ ብሏል። በዚያ ዕድሜው ደንጊያ አንገቱ ላይ ሊያደርግ ነው እኮ። ከዚህ ወዲያ ምን ትሻለህ?»

«ደንጊያውን አልፈልግም፣ አባ። ደንጊያ የተሸከመ ሰው ይከበራል፤ ትሑት ነው ይባላል።»

«እንግዲያስ ምን?»

መሳቢያዬን ስቤ ቱቦዎቹን አሳየኋቸው። «ይህን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ አንድ ዋንጫ ውኃ ይዞ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር እስከ ደጀ ሰላሙ ይምጣልኝ። ውኃውን ለእርስዎ ያቀብልዎ። በቃ ታረቅን።»

መምሬ ወስደው ዓይናቸው ላይ ደቀኑት። ወደ መንገዱ፣ ወደ ጋሪዎቹ፣ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔን ለማግኘት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ቀስ ብለው መለሱልኝና ወደ አያ ደምለው መጋዘን ሄዱ። ማታ መልስ መጣ፤ አያ ደምለው ስቆ «ይህ ነው እንዴ ካሣው? የሕፃን ጨዋታ ነው» ብሏል ተባለ።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። የአያ ደምለው አማች፣ የትልቋ ልጁ ባል፣ በልማዱ ደንጊያውን አምጥቶ ነበር፤ ምናልባት ሐሳቤን ብለውጥ ብሎ ነው። ጭንቅላት የሚያህል ጥቁር ደንጊያ ነው። «የት ላድርገው?» አለኝ። ከዋርካው እስከ ደጀ ሰላሙ ያለውን ርቀት በዋዜማው በእርምጃዬ ለክቼዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልክ መውሰድ እችልበታለሁ። «እዚያ ጋ ይቀመጥ» ብዬ በከዘራዬ አመለከትኩት። አማቹ አስቀመጠው፤ ዐሥራ ስድስተኛው እርምጃ ላይ። ቦታውን ለምን እንደመረጥኩ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የጠየቀኝ የለም። ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ፤ ይህንን ግን አልተናዘዝኩም።

አያ ደምለው ካፖርቱን ለአማቹ ሰጥቶ ቱቦዎቹን አጠለቀ። ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀና ዋንጫውን ተቀበለ። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ። «አማቼ የት ሄደ?» አለ። አማቹ ከጎኑ ነበር፤ ክንዱ ከክንዱ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። «አለሁ፣ አባባ» አለው። ሳቁ ቀነሰ። እንደገና ተራመደ፤ አሁን እግሩን እየጎተተ፣ ነጻ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክንዱን ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ እንደሚዳብሰው አየሩን እየዳበሰ ነው። ውኃው ይፈስሳል። የእኔ ልብ ደግሞ ይመታል፤ በደስታ ነው የሚመታው፤ አልዋሽም። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ሊሆን ስለሆነ አንዳች እንዳያመልጠኝ ብዬ ዓይኔን ዋንጫው ላይ ተከልኩ። ያች ክቤ ውስጥ ዋንጫውና የያዙት ጣቶች አሉ። ዐሥራ አራት፣ ዐሥራ አምስት እያልኩ እርምጃውን እቆጥራለሁ። ከዚያ ዋንጫው ከክቤ ውስጥ ጠፋ።

ድምፅ ሰማሁ፤ የሚወድቅ ሰውና የሚሰነጠቅ እንጨት የመሰለ ድምፅ። ሴቶች ጮሁ። እኔ እፈልገዋለሁ። ዋርካውን አገኘሁ፤ አንድ የተከፈተ አፍ አገኘሁ፤ የሰው ነጠላ፣ ባዶ መሬት፣ እንደገና ዋርካውን። ወደ ታች ስወርድ አንድ የተገለበጠ ጫማ አየሁ። ከጫማው ተነስቼ እግሩን ስፈልግ ሰው ሁሉ ተረባርቦ ከቦታል፤ የማየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰፋሁት ውድቀት ከፊቴ፣ አሥር እርምጃ ላይ ተፈጽሞ እኔ አላየሁትም። አመለጠኝ። ከዚህ የሚብስ ቅጣት ማንም ሊያወጣልኝ አይችልም ነበር።

አማቹ በንዴት ወደ እኔ ዞረ። «ደስ አለህ? ሲወድቅ አየኸው አይደል?»

«አላየሁትም» አልኩ።

ከሰው መሀል ጉርምርምታ ተነሳ። ከፊቱ ወድቆ አላየሁም ይላል፤ ዛሬም ያው ነው ተባለ። ስሜም ተጠራ፤ ያችኛዋ ስሜ። ልመልስ አፌን ስከፍት ከሰዉ እግር ሥር የአያ ደምለው ድምፅ መጣ። የእጁ አንጓ ተሰብሯል፤ አንዱ ቱቦ ገና ዓይኑ ላይ ነው፤ ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ። «ተውት» አለ። «አላየኝም። እውነቱን ነው። እኔ የራሴን እግር አላየሁትም።» ቀጠለና «ከመጀመሪያውም እውነቱን ነበር» አለ።

በዚያች ቃል ፍኖተ ሰላም በሙሉ አመነኝ። በሳምንቱ እናቶቹ ጨርቃቸውን ይዘው ተመለሱ። ጋሪ ነጂዎቹ ከሩቅ ፉጨት ያሰሙኝ ጀመር፤ ሰላም የሚለኝ ሰው ፊት ለፊቴ መጥቶ ይቆም ጀመር። እስከዚያ በተውሶ ጽዋ የቆየው ማኅበር አዲስ ገዛ፤ ተራዬ ሲደርስ የኔነሽ ያዘችው። ሁሉም ነገር እንደተመኘሁት ሆነ። እኔ ግን ወረቀት አሳየሁ፣ ለመንኩ፣ ደማሁ፤ ማንም አላመነም። እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም አመነ። እውነቴ የእኔ ሆኖ የታመነው በእሱ አፍ ነው። መርፌዋን ይቅር ማለት እችል ይሆናል፤ ያን ቃሉን ግን ይቅር አላልኩትም። እጁን ወጌሻ አሰረለት፤ ጠመመበት፤ ከዚያ ወዲያ ማዳበሪያ የሚዳብሰው በግራው ነበር። በየመንገዱ ሲያገኘኝ ፊት ለፊቴ ቆሞ «ደምለው ነኝ» ይለኛል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» እለዋለሁ፤ ብድግ እልለታለሁ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ እርቅ ነው ይላል።

አያ ደምለው ሲሞት እዚህ ቡሬ፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። ጠዋት እንደሰማሁ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ፤ ልጄ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ተጨናንቋል፤ ጉድጓዱ ከሰው ጀርባ ወዲያ ማዶ ነው። ልጄን «ወደ ፊት አስጠጊኝ» አልኳት። አንድ ሰው ሰማኝና ዞሮ ዐወቀኝ። «መንገድ ልቀቁለት፤ ከጎን አያይም» አለ። ቃሉ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ፤ ለቀቁልኝ። የጉድጓዱ አፋፍ ድረስ አደረሱኝ፤ በትክክል ፊት ለፊቱ አቆሙኝ። ሳጥኑ ሲወርድ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ እስኪያልቅ ድረስ አየሁት።